ሦስት ዙር ዝቅ ያለው ወንበር

ወንበሩ ሦስት ዙር ዝቅ ብሏል።

ምስጥ ላለመሳሳት ደግማ ቆጠረች። ክቡ የፒያኖ ወንበር ጠመዝማዛ ብረት ላይ የተሰካ ነው፤ ሲያሽከረክሩት ይወጣል፣ መልሰው ሲያሽከረክሩት ይወርዳል። እሷ አጭር ስለሆነች ሁልጊዜ ከፍ አድርጋ ነው የምትቀመጠው። ሰኞ ዕለት ስትወጣ እንደዚያው ትታው ነበር። ዛሬ ረቡዕ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዙር ካዞረችው በኋላ ነው ክርኗ ከቁልፎቹ እኩል የሆነው።

የጽዳት ሠራተኛዋ ነክታው ይሆናል ብላ ልታልፈው ፈለገች። ባለፈው ሳምንትም እንደዚሁ ብላ አልፋው ነበር። ግን የፒያኖውን ክዳን ስትከፍት ሜትሮኖሙን አየችው። ምት የምትቆጥርበትን ይህን መሣሪያ ስልሳ ስድስት ላይ አቁማው ነበር የሄደችው፤ አሁን ሰባ ሁለት ላይ ነው። ከጎኑ ያስቀመጠችው ኖታ ደግሞ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተከፍቷል። አንድ ወር ሙሉ ያሰቃያት ቦታ ላይ፣ የትኛው ጣት የትኛውን ቁልፍ እንደሚመታ የጻፈቻቸው ቁጥሮች ጠፍተዋል። በላያቸው በቀጭን እርሳስ ሌላ ተጽፏል፦ ሁለት፣ አራት፣ አንድ።

የክፍል ጓደኞቿ «ምስጥ» የሚሏት የያዘችውን ነገር ቦርቡራ ሳትጨርስ ስለማትለቅ ነው። ማስታወሻ ደብተሯን አወጣችና ሦስቱንም ነገር ከነቀኑ ጻፈች።

ይህ ክፍል በሌላው ሰዓት የቫዮሊን ተማሪዎች ነው። እነሱ ቆመው ስለሚጫወቱ ወንበሩን አይነኩትም፤ የፒያኖው ክዳንም ተቆልፎ ይውላል። ቁልፉ የሚገኘው በር ላይ ካሉት ዘበኛ ነው፤ ያውም በፊርማ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ፒያኖው የእሷ ነው። በወር ሁለት ቀን የቀረ ግን ሰዓቱን ይነጠቅና ለተረኛ ይሰጣል።

እሷ ደግሞ ሁለት ቀን ቀርታለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ኮሌጁ የትምህርት ፕሮግራሙን ቀየረና የኬሚስትሪ ላብ ቡድኗ ማክሰኞ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ሆነ። ሬጅስትራር ሄዳ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ ለምና ነበር። «ቡድን አንድ ሞልቷል» አለቻት ሠራተኛዋ ቀና እንኳን ሳትል። «ዝርዝሩን ያመጣችው የክፍል ተጠሪያችሁ ናት፤ እሷን ጠይቂ።» ተጠሪዋ ሎጋ ናት፤ የክፍሉ ረጅም ልጅ፣ የእሷም የቅርብ ጓደኛ። ሎጋ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እጣ ነው እኮ ምስጤ። እጣሽ ማክሰኞ ወጣ፣ ምን ላድርግልሽ?»

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ዘበኛው ቁልፉን እንደሚከለክሏት ጠብቃ ነበር የመጣችው። ሳይጠይቋት ሰጧት፤ እሷም እንደ ልማዷ የላይኛውን መስመር ሳታይ ፈርማ ገባች። አሁን ተመልሳ ወደ በሩ ሄደችና የፊርማውን ወረቀት ገለጠች። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ የእሷ ፊርማ። ትናንት ማክሰኞ፣ የእሷ ፊርማ። ጭራው ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ሳትቀር።

«ትናንት ማን ነው የፈረመው?» አለቻቸው።

ዘበኛው ሬዲዮናቸውን ትንሽ ቀነሱ። «ስምሽ ነው እንዴ?»

«ስሜ ነው።»

«ታዲያ አንቺ ነሻ!» አሉና ሬዲዮናቸውን መልሰው ከፍ አደረጉ። እሳቸው ፊርማ እንጂ ፊት አያዩም።

ማን ነው ለሰው የሚፈርመው? ደግ ሰው ከሆነ ለምን አልነገራትም? ክፉ ሰው ከሆነ ደግሞ አሳቡ ግልጽ ነው፦ አስመስሎ ይፈርማል፤ ከዚያ ሄዶ «ሰው ታስፈርማለች» ብሎ ያሳብቃል። ለቀረ ሰው ሰዓቱ ይነጠቃል፤ ለሐሰተኛ ፊርማ ግን ምን እንደሚደርስ አታውቅም።

ወንበሩን ዝቅ የሚያደርግ ረጅም ሰው ነው። ይህንንም ጻፈችው።

ሎጋን ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘቻት። እግሮቿን መንገድ ላይ ዘርግታ አላፊ አግዳሚውን ታስዘልላለች።

«ምስጤ! ፊትሽ ምን ሆኗል? የሒሳብ ውጤት ወጣ እንዴ?»

«ትናንት አራት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

«ላይብረሪ። ምነው፣ መርማሪ ሆንሽ?»

«እንዲሁ ነው። ፈልጌሽ ነበር።»

«ላብ ውስጥ ሆነሽ?» ሎጋ ሳቀች። «አትፎግሪኝ ባክሽ።»

ምስጥም ሳቀች። ላይብረሪው ማክሰኞ ጠዋት አይከፈትም። የመጻሕፍት ቆጠራ ስላለ እስከ ምሳ ሰዓት ተዘግቶ ነው የሚውለው።

ማታ እቤት እናቷ የልብስ መቁረጫውን ጠረጴዛ ለቀቀችላት። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። እቤት ፒያኖ ስለሌለ ምስጥ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ቁልፎቹን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሥላቸዋለች፤ አምሳ ሁለቱን ነጮች፣ ሠላሳ ስድስቱን ጥቁሮች። ድምፅ የሌለውን ፒያኖ ትመታ ጀመር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ፣ ስህተት መሆኑን ለማረጋገጥ ብቻ፣ በሌላው ሰው ቁጥር ሞከረችው። ሁለት፣ አራት፣ አንድ። አውራ ጣቷ ሳይደናቀፍ ሥር ሥሩን አለፈ። ደግማ ሞከረች። አሁንም አለፈ። ተናደደች።

«ዛሬ ጠረጴዛውን ልትበሺው ነው?» አለች እናቷ መርፌ በከንፈሯ ይዛ። «ማነው ያስቀየመሽ?»

«አላወቅኩም። ጠርጥሬያለሁ እንጂ።»

«ጠርጥሬያለሁ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፣ እማ?»

«ይባላል። እኔ ግን በአይኔ ገምቼ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም።» እናቷ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። «ለኪ፤ ከዚያ ቁረጪ።»

ዓርብ ዕለት የፒያኖ መምህሩ ኮሪደር ላይ አስቆሟት። አወቁ ማለት ነው፤ ሎጋ ነገረቻቸው ማለት ነው።

«አንቺ» አሉ መምህሩ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ «ያ ሁለተኛ ገጽ ተፈታልሽ አይደል?»

«እ... አዎ፣ መምህር።»

«ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ክፍል ስሄድ በበሩ ሳልፍ እሰማሻለሁ። ሁለት ማክሰኞ ሰማሁሽ። ልንገርሽ፣ ከሌላው ቀን ይልቅ ማክሰኞ ትበልጫለሽ። እጅሽ አይፈራም።» መነጽራቸውን አደረጉ። «ለዓመቱ መዝጊያ ኮንሰርት ከአንደኛ ዓመት አንድ ሰው ነው የምመርጠው። አንቺን ላደርግ ነው። ረቡዕ መጥቼ አንዴ እሰማሽና ስምሽን እጽፋለሁ።»

አፏን ከፈተች። ማክሰኞ እኮ እኔ አይደለሁም፤ ይህን ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር።

«አመሰግናለሁ» አለች።

ደብተሯ ውስጥ ይህን አልጻፈችውም።

ማክሰኞ ላብ ውስጥ ብርጭቆው ለሃያ ደቂቃ በእሳት ላይ መቆየት ነበረበት። ምስጥ ሰዓቷን አየችና ጋዋኗን አወለቀች።

«እሳቱን ጠብቅልኝ፤ መጣሁ» አለችው አብሯት የሚሠራውን ልጅ።

«ሆድሽ ነው?»

«አዎ፣ ሆዴ ነው።»

«ያኛውን ሕንፃ ተጠቀሚ፤ የዚህኛው ውኃ የለውም!» ብሎ ጮኸ፤ ላቡ ሁሉ ሳቀ።

ግቢውን በሩጫ አቋርጣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ትንፋሿን ዋጠች። ውስጥ ያው የእሷ ሙዚቃ ነው። ለፈተና ሁሉም የአንደኛ ዓመት የፒያኖ ተማሪ የሚያጠናው ነውና ማንም ሊጫወተው ይችላል። ሁለተኛው ገጽ ደረሰ። የሚጫወተው ሰው አልፈጠነም፣ አላመነታም፤ ያን ቦታ ያለፈው አስቸጋሪ መሆኑን ሳያውቅ ይመስል ነበር። ምስጥ በሩን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ገፋችው።

ሎጋ ክው አለች። ወንበሩ ሦስት ዙር ዝቅ ብሏል።

«ላይብረሪው እዚህ ተዛወረ?» አለች ምስጥ።

ሎጋ እጆቿን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ጉልበቶቿ መሐል ደበቀቻቸው። «ቁጭ በይ።»

«የቱ ላይ? ወንበሩ አንድ ነው።»

«እሺ፣ ስሚኝ። እጣ አልነበረም። ቡድን ሁለት ያስገባሁሽ አውቄ ነው።» ሎጋ በአንድ ትንፋሽ ነው የምታወራው። «የፒያኖ ሰዓት ምዝገባ ቀን ታናሽ ወንድሜን ክሊኒክ ይዤ ሄጄ ነበር። ስመለስ አልቋል። በየፈተናው መምህሩ «አትለማመጂም» ይሉኛል። የት ልለማመድ? ግድግዳ ላይ? በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ፈለግኩ።»

«ፊርማውስ?»

«ሁለቴ ከቀረሽ ይነጥቁሻላ! ለእኔ እንኳን አይደርስም፤ ከፊቴ አራት ሰው አለ። ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ልንቀር ነው?»

«ስለዚህ መጀመሪያ አስቀረሽኝ፣ ከዚያ እንዳልቀር ፈረምሽልኝ።»

ሎጋ ትንሽ አሰበች። «እንደዚህ ስትዪው በጣም ያስጠላል።»

ምስጥ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። ገና አላመነቻትም። ሦስት ሳምንት የዋሸ ሰው ዛሬ እውነት ተናገረ ብሎ ማን ይምላል?

«ብትጠይቂኝ ኖሮ ማክሰኞን እሰጥሽ ነበር» አለች።

«ትሰጪኝ ነበር?»

ምስጥ መልስ ለመስጠት ፈለገች፤ ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

«ሁለት፣ አራት፣ አንድ ሞከርሽው?» አለች ሎጋ ቀስ ብላ።

«ሞከርኩት።»

«ሠራ?»

«ሠራ።»

የሎጋ ፊት ለቅጽበት በራ። ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ሰበረች። «ለኮንሰርቱ ማንን እንደሚመርጡ ሰማሽ? እኔን እንኳን አይጨምሩኝም፤ ማንን ነው ግን?»

«እኔ እንጃ» አለች ምስጥ።

ቃሉ ከአፏ የወጣው በቀላሉ ነበር፤ ልክ «ላይብረሪ» ከሎጋ አፍ እንደወጣው። ደረጃውን ስትወርድ ራሷ ሰማችው። ላብ ስትደርስ ብርጭቆው ደርቆ ሥሩ ጠቁሯል፤ አብሯት የሚሠራው ልጅ «ሆድሽ አስከፈለን» አላት።

ረቡዕ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ መምህሩ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ገቡ። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«በይ እንስማሽ። ከሁለተኛው ገጽ ጀምሪ።»

ምስጥ ወንበሩን ለራሷ ከፍ አድርጋው ነበር። እጆቿን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። ቦታውን ትችለዋለች፤ ትናንት ማታ ጠረጴዛው ላይ አርባ ጊዜ አልፋዋለች። እንደ ማክሰኞው ባይሆንም ደህና አድርጋ ትጫወተዋለች፤ መምህሩም ስሟን ይጽፋሉ። ፊርማው እንደተፈረመ ይቀራል፤ ሰዓቱም የእሷ ይሆናል። ሎጋ ለማንም ልትናገር አትችልም። ሁሉንም ለክታዋለች።

ለሎጋ ይቅርታ አላደረገችላትም። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል፤ ምናልባትም ብዙ ጊዜ።

«ምን እየጠበቅሽ ነው?» አሉ መምህሩ።

ተነሣች። ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ታች አሽከረከረችው። አንድ። ሁለት። ብረቱ ሲጥጥ አለ። ሦስት።

«መምህር፣ ማክሰኞ የሰሙት እኔን አይደለም» አለች። «ማክሰኞ ላብ ነበርኩ። የፊርማውንም ነገር በኋላ እነግርዎታለሁ።»

መምህሩ ወንበሩን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ። እስክሪብቷቸው ወረቀቱ ላይ ሳያርፍ ቆመ።

«ታዲያ ማን ናት?»

«ግቢ ውስጥ ናት። አግዳሚው ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ሰው ታስዘልላለች።» ምስጥ በሩን ከፈተች። «ትንሽ ይታገሱኝ፤ ልጥራት።»