ቤቱን የጣለ ቀንድ አውጣ

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ መካነ ሰላም ከተማ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እና ስንቱ መሰላችሁ «ከሟቹ ጀርባ የቆመው ማነው?» እያለ ፎቶ ይዞብኝ የመጣ፣ አንዷማ ደመና ላይ መልአክ አየሁ ብላ ሱቄን በሰው ሞልታው ነበር፣ ለሁሉም የምሰጠው መልስ ያው ነው፣ ሌንሱ ላይ የጣት አሻራ አለ፣ ወይ ካሜራው ተንቀጥቅጧል፣ ጥርግ አድርጋችሁ ድገሙት። የማላየውን ነገር አላምንም፣ የማየውንም ቢሆን ሁለቴ ነው የማየው። ይሄን ቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «ድሮም ልክ አልነበረም» እንዳትሉኝ ነው።

ታናሽ እህቴ የሺ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር፣ «ነበር» ስል አሁንም ምላሴን ያቃጥለኛል። እሁድ እሁድ እረፍት ስትወጣ ጓደኞቿ ገበያ ለገበያ ሲዞሩ እሷ ወደ ባሕሩ ትወርዳለች፣ ሞባይሏን በስስ ፌስታል ጠቅልላ ከድንጋዮቹ መሃል ትጎነበስና እኔ እድሜዬን ሙሉ አይቼው የማላውቀውን ፍጡር እየፈለገች ታነሳለች። ቀንድ አውጣ ነው፣ ግን ቅርፊት የለውም፣ ጣት አያክልም፣ አንዱ ሐምራዊ ነው፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ጭራሮ የመሰለ ነገር በቅሎበታል። «ወንድም ጋሼ፣ ይሄ እንደኔ ቤቱን ጥሎ የወጣ ነው» ትለኝ ነበር እየሳቀች። በብርድ ወራት ውሃው አጥንት ድረስ ይገባል ትላለች፣ እነሱ ደግሞ በደንብ የሚገኙት ያን ጊዜ ነው። መጠኑን እንዳውቀው ሁልጊዜ የግራ እጇን ትንሿን ጣት አጠገቡ ታስቀምጣለች፣ ልጅ ሆና ማጭድ ጫፏን የቆረጣት፣ ጥፍር የሌላት ጣት። ከመቶ ጣት መሃል ለይቼ አውቃታለሁ።

ፎቶዎቹን የሱቄ ገጽ ላይ እለጥፋቸው ነበር፣ ሰው ወደዳቸው፣ እኔም ሙገሳው አማረኝ። ጥር ላይ ምን ብዬ ጻፍኩላት መሰላችሁ፣ «ከዳር ያለው ሰለቸን፣ እስኪ ገባ ብለሽ ከውስጥ ያለውን አንሺ።» እሷም «እሺ ወንድም ጋሼ፣ የፊታችን እሁድ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ድምጿን የሰማ የለም። አሠሪዋ «ሄዳለች» ብላ ስልኩን ጆሯችን ላይ ዘጋችው፣ ዘጠኝ ወር በተስፋ ጠበቅን፣ በመጨረሻ እዚያው የምትሠራ አንዲት የአገራችን፣ የአጅባር ልጅ ያን እሁድ ጫማዋ ድንጋይ ላይ ተገኝቶ ነበር ብላ ላከች። ያንን የጻፍኩላትን ነገር ለማንም አልተናገርኩም፣ አሁን ለእናንተ ነው የነገርኩት።

ወሬው በደረሰ በሦስተኛው ቀን አጎቴ ጋሽ ይመር ሱቄ መጡ። ወንበር ብሰጣቸው አልቀመጥም አሉ።

«አብሽር ስዩም፣ እንግዲህ ምን እናድርግ። እሁድ ማለዳ ለናትህ መርዶውን እንነግራታለን፣ ሽማግሌዎቹም ተስማምተዋል። አንተ ፎቶዋን አሳድገህ አጥበህ አምጣ፣ አስከሬን የሌለው ለቅሶ ፎቶ ካልኖረው ምን ተይዞ ይለቀሳል?»

«ባትሞትስ፣ ጋሽ ይመር?»

«ባትሞትማ ትደውል ነበር ልጄ።»

ለፓስፖርት ያነሳኋት ጉርድ ፎቶ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነበረች። ከፈትኳት፣ አሳደግኳት፣ አትም የሚለውን መጫን ግን አቃተኝ፣ አንዴ ውሃ ውስጥ ግቢ ብያታለሁ፣ ይሄን ከተጫንኩ ደግሞ ሁለተኛ ገደልኳት ማለት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ ወደ እናቴ ቤት ወረድኩ፣ ቀድሜ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል እያልኩ፣ ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው፣ መሃል ላይ በጋ ክረምት በረዶ የመሰለ ውሃ ያላት አንዲት ጅረት አለች።

አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ፀሐይ አልጠለቀችም፣ ጉሙ ግን ከገደሉ ሥር መውጣት ጀምሯል። ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ ስል መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። ጅረት እንዴት እንደሚጮህ ታውቃላችሁ፣ አያቋርጥም። ይሄ ግን ይመጣል፣ ድንጋይ ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ጠጠሩን እየጎተተ ይመለሳል። እመኑኝ፣ ይመለሳል፣ ውሃው ሽቅብ ወደ ምንጩ ይሸሽና ሥሩ ያለው ጠጠር እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ደግሞ ይመጣል። እኔ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣ ድምፁን ግን የሺ ከምትልክልኝ የድምፅ መልእክት ጀርባ አውቀዋለሁ።

ውሃው ሲሸሽ ድንጋዩ ላይ አየሁት። ነጭ፣ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ጭራሮ፣ ሁለት ቀንድ፣ ቅርፊት የለ፣ ምንም የሚያስቸኩለው ነገር እንደሌለ ሁሉ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ምን ባደርግ ጥሩ ነው፣ የለመድኩትን፣ ሞባይሌን አወጣሁ። ሦስት ጊዜ አነሳሁት፣ ሁለቱም እጆቼ ሞባይሉ ላይ ነበሩ፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። ሦስተኛውን ሳነሳ ውሃው መጥቶ ሸፈነው፣ ፊቴንም ረጨኝ፣ ከንፈሬን ስልሰው ጨው ነው። ሲመለስ ድንጋዩ ባዶ ሆኗል፣ ጅረቷም ምንም እንዳልተፈጠረ ቁልቁል መፍሰስ ጀመረች።

የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ያለው ድንጋይ ብቻ ነው። ሁለተኛውም ድንጋይ ነው። ሦስተኛው ላይ ቀንድ አውጣው አለ፣ አጠገቡም ከውሃው የወጣች ትንሽ ጣት አለች፣ ጥፍር የሌላት፣ ብርድ ያጠቆራት። ሌንሱን በሸሚዜ ጠረግሁት፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ አንዴ ለተነሳ ፎቶ ሌንስ ቢጠረግ ምን ሊፈይድ። ከዚያ «የሺ ውጪ! በቃ ውጪ!» እያልኩ እንደ እብድ ጮህኩ፣ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ያገኘሁትን ድንጋይ ሁሉ ገለበጥኩ፣ ጉሙ መንገዱን እስኪሸፍነው ድረስ። ከድንጋዩ ሥር ያለው አሸዋ ብቻ ነበር።

ጋሽ ይመርን እናቴ ደጅ ላይ፣ ምክንያቱን ሳይነግሯት ለነገው ሲሰናዱ አገኘኋቸው፣ አሳየኋቸው። ሞባይሉን አራቁት፣ አቀረቡት። «ድንጋይ እኮ ነው ልጄ፣ አንተ እንቅልፍ አጥተሃል» አሉኝ። ይሄኔ እናቴ ከቤት ወጥታ ሞባይሉን ከእጃቸው ወሰደችው። ስለ መርዶውም ሆነ ስለ ፎቶው የነገራት ሰው አልነበረም። ብዙ አየችው።

«ያረቢ፣ ይቺ ልጅ በዚህ ብርድ ውሃ ውስጥ ምን ትሠራለች? ጣቷ እንዴት እንደሆነች አታዩም?»

ጋሽ ይመር የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

«ማነው ግቢ ያላት?» አለች እናቴ፣ እኔን እያየች።

እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

እሁድ መርዶው አልተነገረም፣ ለመንገር የደፈረ ሰው ጠፋ። ፎቶዋም አልታተመችም። እኔ ከእናቴ ጋር ኑሮዬን አድርጌያለሁ፣ በየቀኑ «ውጪ» ብዬ እጽፍላታለሁ፣ አንድ ራይት ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ አይደርሳትም። እናቴ ማታ ማታ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጋ በሩ ሥር ታስቀምጣለች፣ ስትመጣ እጇን እንድታሞቅበት ነው፣ ጠዋት የምደፋው ደግሞ እኔ ነኝ። አንዳንድ ቀን በሳፋው ዙሪያ መሬቱ ረጥቦ አገኘዋለሁ፣ ውሻ ጠጥቶ ይሆናል እላለሁ። ልቅመሰው እልና ጣቴን ነክሬ እስከ ከንፈሬ አደርሰዋለሁ፣ ከዚያ በልብሴ እጠርገዋለሁ።