የድሪቶው ግማሽ

ኡሙሃኒ ከትምህርት ቤት ስትገባ እህቷ ሳሊሀ የአባታቸውን ሽርጥ በመቀስ እየቆረጠች ነበር። ሽርጡ፣ እናታቸው ራህመት አሮጌ ልብሶችን ቀጣጥላ በሰፋችው ድሪቶ መሀል ያለ ቁራጭ ነው። አባታቸው የሞተው ኡሙሃኒ ገና ስትድህ ስለሆነ መልኩን አታስታውስም። የምታውቀው ያንን ሰማያዊ መስመር ያለበትን ጨርቅ ነው፤ ስትተኛ ጉንጯን የምታሳርፈው እሱ ላይ ነበር። አሁን የድሪቶው ግማሽ ተቆራርጦ ወለሉ ላይ ተበትኗል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ሳሊሀ ቀና እንኳ አላለችም። ደሴ ልብስ ስፌት ተምራ ከመጣች ወዲህ ቤት ውስጥ ያለ ጨርቅ ሁሉ የእሷ ይመስላታል። ቆቦ ላይ ለሚከፈተው ባዛር ዘመናዊ የአልጋ ልብስ እየሠራች መሆኑን ተናገረችና ስፌት ማሽኑ ላይ ያለውን ነጭ አቡጀዲ ዘረጋችላት። ጥግ ላይ ጥቂት ቁርጥራጮች ተሰፍተውበታል፤ ሌላው ባዶ ነው።

«እማዬ ድሪቶው ላይ ያገኘችውን ሁሉ ነው የጠቀጠቀችበት። እኔ ባዶውን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ዘመናዊ የሚያሰኘው እሱ ነው።»

ያምራል። ማማሩ ደግሞ ኡሙሃኒን ይበልጥ አበገናት። ያልተቆረጠውን ግማሽ ነጥቃ ወደ ግቢ ወጣች። እናቷ ማሽላ ታበጥራለች። ኡሙሃኒ ሳሊሀ ያደረገችውን ነገረቻት፤ እናቷም እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለች። «ያንን የሰፋሁት የምንለብሰው ስላልነበረን ነው። አንቺ ወደድሽው። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያ ክፉ ጊዜ ነው የሚመጣብኝ።»

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?»

ራህመት ሰፌዱን አንስታ ማበጠሯን ቀጠለች።

ኡሙሃኒ እናቷ ላይ መጮህ አልቻለችም። ንዴቷን እንደያዘች ወደ ቤት ተመለሰች። ሳሊሀ ቀሪውን ለመቀበል እጇን ስትዘረጋ መቀሱን ቀማቻትና ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወረችው። ከማሽኑ መሳቢያ ምላጭ አውጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ድሪቶውን ጭኗ ላይ ዘርግታ የመጀመሪያውን ስፌት መተርተር ጀመረች።

«በመቀስ ይፈጥናል» አለች ሳሊሀ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«መፈታቱ ካልቀረ፣ ሌላ ጨርቅ አትቆርጪም። እንዳለ ነው የሚወጣው። ነጩ ላይ የሚሰፋውንና የማይሰፋውን የምለየው እኔ ነኝ።»

ሳሊሀ የባዛሩ ቀን መድረሱን ልትናገር ፈልጋ ተወችው።

የእናታቸው ክር ጠንካራ ነው፤ ቶሎ እሺ አይልም። ኡሙሃኒ ጥርሷን ነክሳ አንድ በአንድ ትፈታዋለች። ሳሊሀ ሌላ ምላጭ ፈልጋ በወዲያኛው ጫፍ ስትመጣ ቀና ብላ አላየቻትም። እግሯን ግን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላት።