ሦስተኛው ስፌት

ሳቢር ያንን ከባድ ሣጥን ደረቱ ላይ አቅፎ ከሂርናው ሚኒባስ ሲወርድ፣ ኩብራ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችው። ሦስተኛ ጊዜው ነበር። ልቧ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ደከማት።

ቺሮ መናኸሪያ ጥግ ያለችው ሱቅ የባሏ የዓሊዩ ነበረች። ሚኤሶ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ የባጃጅና የሚኒባስ ወንበር የምታለብሰው ኩብራ ናት። ዓይናቸው የደከመው አማቷ እማማ ሀኒፋ ደግሞ በራፉ ላይ ተቀምጠው፣ እሷ የሸነሸነችውን ሌዘር በጣታቸው እየዳሰሱ ስፖንጅ ይሞሉላታል።

ሳቢር በሂርና ለሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ሰው ነው። መጀመሪያ የመጣው ከአባቱ የወረሰውን የድሮ አምፕሊፋየር ይዞ ነበር። የሣጥኑ ልብስ እንደ ሶፋ የተሸነሸነ ቀይ ሌዘር ነው፤ በእርጅና ተሰነጣጥቋል።

«አቦ፣ ይሄ ዕቃ ነው ወይስ ወንበር?» አለችው ያን ቀን።

«ዘፈን የሚቀመጥበት ወንበር ነው በይው።»

ሳቀች። ሳቋን የሰሙት እማማ ሀኒፋ ስፖንጁን ይዘው ቀሩ። ኩብራ ይህን አይታ አቀረቀረች። አሥራ ሁለቱን ሽንሽን አንድ በአንድ ስትሰፋ ዋለች።

በወሩ አንዱ ሽንሽን ተተርትሮ ተመለሰ። ከአሮጌው ቀዳዳ አጠገብ ደግማ ሰፋችው። ሳቢር የቀረበለት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ተቀምጦ ሄደ። የክሩ ጫፍ ግን ለስላሳ ነበር። የተበጠሰ ክር ጫፉ ይንጨባረራል፤ ይሄ በምላጭ የተቆረጠ ነው። አውቃ ዝም ብላለች፤ አራት ዓመት ሙሉ ከተሸከመችው ድካም ይልቅ ይህ ዝምታዋ ከብዷት ከረመ።

አሁን ሣጥኑን ፊቷ አስቀመጠው። ያው ሽንሽን ነው።

«ተፈታ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ከእንግዲህ አልሰፋውም። ሌዘር እንደ ጨርቅ አይደለም፤ የመርፌ ቀዳዳው አይደፈንም። ሁለቴ ይችላል፣ በሦስተኛው ይቀደዳል።»

«እና ምን ላድርገው?»

«ሂርና አሰፋው።»

«ሂርና አንቺ የለሽም።»

የመናኸሪያው ጩኸት ሁሉ የራቀ መሰላት። ወደ በራፉ ሰረቅ አድርጋ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሳቢር፣ ማሎ፣ እባክህ ተወኝ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ያለሁላቸው እኔ ብቻ ነኝ። ጥያቸው የትም አልሄድም።»

ሳቢር ሣጥኑን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል፣

«እስቲ ወዲህ አምጣው» አሉ እማማ ሀኒፋ።

የተፈታውን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት።

«በምላጭ ነው። ያለፈውም በምላጭ ነበር። የታወረው ዓይኔ ነው፤ ጣቴም መሰላችሁ?»

ኩብራ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች።

«ስንት ሽንሽን ቀረህ፣ አንተ ልጅ?»

«አሥራ አንድ» አለ ሳቢር።

«ያ ረቢ! ሁሉንም ቆርጠህ ልትጨርስ ነበር? ምላጩን ጣልና ሽማግሌ ላክ።»

«ወደ... ወደ ማን ልላክ፣ እማማ?»

«ወደ እኔ ነዋ! የልጅቷ እናት ማን መሰለህ?» ሣጥኑን ገፋ አድርገው ቀጠሉ። «ግን ስማኝ፤ እኔ ሂርና አልሄድም። እሷም ያለ እኔ አትሄድም።»

«የኔ ማጉያ ቺሮም ይጮኻል» አለ ሳቢር ቶሎ ብሎ።

ከዚያ ወደ ኩብራ ዞረ። መልሱን ከእሷ ነበር የፈለገው። ኩብራ መርፌዋን ስፖንጅ ላይ ሰካች።

«ጁምዓ ሱቅ አልከፍትም» አለች በመጨረሻ። «ቤት ነኝ።»

የሚኒባሱ ረዳት «ሂርና! ሂርና!» እያለ ይጣራል። ሳቢር ባዶ እጁን ወደ ሚኒባሱ ሮጠ።

«ሣጥኑስ?» ብላ ጮኸች ኩብራ ከኋላው።

«ሽማግሌዎቹ ይቀመጡበታል!»

እማማ ሀኒፋ ሣጥኑን በሁለት እጃቸው ጫን ጫን አድርገው ሞከሩት።

«ስፖንጁ ደህና ነው» አሉ። «ይችላቸዋል።»