በመረቡ ቀዳዳ የገባችው ኳስ

«ይቺን መስመር ሰርዢያት» አለች ቡርቱካን፣ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ተክላ።

ጀዊሪያ እስክሪብቶዋን ክዳኑ ውስጥ ከተተችው። ሌላው ተማሪ ወደየቤቱ ከሄደ ቆይቷል፤ በዘጠነኛ «ለ» ክፍል የቀሩት ሁለቱ ጓደኛሞች ብቻ ናቸው። ዴስኩ ላይ የተዘረጋው ጽሑፍ ሰኞ ጠዋት በትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የሚለጠፈው የወዳጅነት ሊግ ታሪክ ነው። ሦስት ገጽ ሙሉ አብረው ሲጽፉ አንዴም አልተጣሉም። የተጣሉት በመጨረሻዋ መስመር ነው።

መስመሯ እንዲህ ትላለች፦ «ዋንጫውን ያስገኘችው ኳስ በግቡ አፍ አልገባችም፤ በጎን በኩል በተቀደደው መረብ ሾልካ ነው የገባችው።»

«ሁለታችንም ከግቡ ኋላ ቆመን ነበር እኮ፣ ቡርቴ» አለች ጀዊሪያ። «አምስት እርምጃ አይሆንም።»

«እኔ ያየሁት ጎል ነው። ጉለሌ በሙሉ ያየው ጎል ነው። አንቺ ምን ቤት ነሽ ከሰው የምትለዪው?»

«ታዲያ ያላየሁትን ልጻፍ?»

«ያገባው ወንድሜ ቶለሳ ነው!» ቡርቱካን ደብተሮቿን ሰብስባ ተነሳች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ይህን ከለጠፍሽ በኋላ ጓደኛ አለኝ ብለሽ እንዳታስቢ። በቃ!»

በሩ ከኋላዋ ተላተመ።

ጽሑፉን ያዘዟቸው የታሪክ መምህራቸው ጋሽ ይገዙ ነበሩ። «ሊጉ ሁለት ዓመት ኖሮ ሞተ» አሏቸው ሲያዟቸው፣ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ። «ፊልም የለው፣ መጽሐፍ የለው። ከሃያ ዓመት በኋላ ‹እውነት እንዲህ ያለ ነገር በኛ ሰፈር ነበር?› የሚል ሰው ይመጣል። ያኔ ምስክሮቹ እናንተ ናችሁ።»

እውነትም ላላየ ሰው ተረት ይመስላል። ከጳውሎስ ሆስፒታል ወደ ላይ ሲወጣ፣ የባሕር ዛፉ ዳገት ከሚጀምርበት ግርጌ አንድ የክር ፋብሪካ አለ። የፋብሪካው የስፖርት ኮሚቴ በ1971 ዓ.ም. ለወዳጅ አገሮች የሠራተኛ ክለቦች ደብዳቤ ጻፈ፤ ኑና ከእኛ ጋር ተጫወቱ ብሎ። መልስ ይመጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። መልስ ግን መጣ። በተከታዩ ዓመት ጥር ሲገባ አራት የውጭ ክለቦች አዲስ አበባ ገቡ፤ ከአራት የከተማው ፋብሪካ ቡድኖች ጋር ለአምስት ሳምንት ሊግ ሊጫወቱ።

የፋብሪካው ሜዳ ሣር አልነበረውም። ወንበርም የለውም፤ ወንበሩ ዳገቱ ነው። ሰዉ ከአዲሱ ገበያ፣ ከእንጦጦ ሥር፣ ከየቀበሌው እየጎረፈ ዳገቱን ነጭ በነጭ ያደርገዋል። ጠመንጃውን አንግቶ ሥርዓት እንዲያስከብር የቆመው የአብዮት ጥበቃ እንኳ ጎል ሲገባ ከሁሉም በላይ ይዘላል።

ከዛንዚባር የመጡት ተጫዋቾች የጉለሌን የጥር ብርድ ስላልቻሉት፣ በአዲሱ ገበያ ከጀዊሪያ አባት ከሙሐዲን ሱቅ የነበረውን ጋቢ አንድ ሳይቀር ገዙ። ጋቢ ለብሰው ነው ለልምምድ የሚወጡት። የምስራቅ ጀርመኖቹ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ደቂቃ ሮጠው ትንፋሽ አጠራቸውና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ቆሙ፤ ዳገት የለመደው የሰፈሩ ሰው ሳቀ። ከየመን የመጡት የኤደን ተጫዋቾች ዓርብ ዓርብ ከሙሐዲን ጋር መስጊድ እየሄዱ፣ ከሶላት በኋላ ሱቁ ደጃፍ ተኮልኩለው በዓረብኛ ሲጨዋወቱ ይውሉ ነበር። ጀዊሪያ የዓለም ካርታን ያወቀችው በዚያ ሱቅ በር ላይ ነው ማለት ይቻላል። ካርታው ላይ ነጥብ ብቻ የነበሩት አገሮች ሳል አላቸው፤ ሳቅም አላቸው፤ ጫማቸውንም ራሳቸው ያጥባሉ።

ከሁሉም ግን ልቧን የወሰደው በሁለተኛው ዓመት የመጣው ሰው ነው። የቡልጋሪያ ወደብ ሠራተኞች ክለብ በረኛ፣ ስቶያን። ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል፤ ጠጉሩ መሐል አናቱ ላይ ሳስቷል። በአገሩ ክሬን ነጂ ነው አሉ። መንገድ ላይ ቢያዩት አስተውለው የማያዩት ሰው ነው።

ግቡ ውስጥ ሲቆም ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ጀዊሪያና ቡርቱካን ጠዋት ጠዋት ከትምህርት በፊት በሜዳው በኩል ሲያልፉ ልምምዱን ያዩ ነበር። ሦስት ተጫዋቾች ሦስት ኳስ ደርድረው ተራ በተራ ይመቱበታል። ለመጀመሪያዋ በግራ ይወረወርላታል፤ ገና አቧራው ሳይነሳ ሁለተኛዋን በቀኝ ይዟታል፤ ሦስተኛዋን በጣቱ ጫፍ ካግዳሚው በላይ ይሰዳታል። መሬት የሚነካው ለመነሳት ብቻ ይመስል ነበር። ልጆቹ «አሞራው» የሚል ስም አወጡለት። አንድ ቀን ጀዊሪያ አፏን ከፍታ ስታየው የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ፤ አልሰማችውም። ቡርቱካን እጇን ጎትታ ነበር ያስሮጠቻት።

«ሰው እንደዚህ መሆን ይችላል?» አለች ጀዊሪያ እየሮጠች።

«የኔ ወንድም ጎል ያገባበታል፤ ታያለሽ» አለች ቡርቱካን።

ቶለሳ የክር ፋብሪካው አጥቂ ነበር። ሊጉ እስኪጠናቀቅ አንድ ጨዋታ ሲቀር ቡልጋሪያዎቹ አንደኛ፣ የክር ፋብሪካው ሁለተኛ ሆኑ፤ በአንድ ነጥብ ልዩነት። የመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ የሁለቱ ነበር። አቻ ከወጡ ዋንጫው ባሕር ይሻገራል።

ያን ቀን ዳገቱ ላይ መቆሚያ ጠፋ። ሰው ባሕር ዛፍ ላይ ወጣ። ጀዊሪያና ቡርቱካን በቶለሳ አማካይነት ከቡልጋሪያዎቹ ግብ ኋላ ቦታ አገኙ። ሰማንያ ደቂቃ ሙሉ ስቶያን ብቻውን ከአንድ ሰፈር ጋር ተጫወተ። ሁለት ጊዜ ሰዉ «ጎ...» ብሎ ጀምሮ ቃሉን ሳይጨርስ ዋጠ። አንዷን ኳስ በጀርባው ወድቆ በእግሩ ነው ያወጣት፤ የክር ፋብሪካው ደጋፊዎች ሳያስቡት አጨበጨቡለት።

ከዚያ ቶለሳ በቀኝ መስመር አመለጠ። ከጠባብ ማዕዘን አክርሮ መታ። ኳሷ ከቋሚው በስተውጭ አለፈች፤ ጀዊሪያ በግልጽ አየቻት። የጎኑን መረብ መታች። መረቡ እዚያ ላይ ተቀዶ ነበርና ሾልካ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች።

መስመር ዳኛው ገና እየሮጠ ነው። ዋናው ዳኛ ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ያመነታል። ያኔ ቡርቱካን ዘለለች።

«ጎል! ጎል ነው! ገባች!»

ዳገቱ ተቀበላት። ሺህ ሰው አንድ ጉሮሮ ሆነ። ዳኛው ነፋ፤ እጁንም ወደ መሐል ሜዳ ዘረጋ።

የቡልጋሪያ ተጫዋቾች ዳኛውን ከበቡ። ስቶያን ግን አልሄደም። ወደ መረቡ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን በሁለት ጣቱ ከፈተው። ቀና ሲል ዓይኑ ከጀዊሪያ ዓይን ጋር ገጠመ። በጣቱ ቀዳዳውን አሳያት፤ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ቋንቋ አላስፈለገውም። አይተሻል አይደል? ነው የሚላት።

ጀዊሪያ ጫማዋን አየች።

እንደገና ቀና ስትል ሰውዬው ኳሷን ይዞ ወደ መሐል ሜዳ እየተራመደ ነበር። የሚጮሁትን ጓደኞቹን አንድ በአንድ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ከዳኛው አራቃቸው። ጨዋታው አንድ ለባዶ አለቀ። ሰዉ ቶለሳን ተሸክሞ ሲጨፍር፣ ስቶያን ከመስመሩ ዳር ቆሞ ረጃጅም እጆቹን ከፍ አድርጎ አጨበጨበለት። ቂም የለበትም፤ ሹፈትም የለበትም። ጀዊሪያ ጠዋት ጠዋት ካየቻቸው መወርወሮች ሁሉ ይህኛው በለጠባት። እንዴት ይህን ያህል ትልቅ ሰው ይኮናል?

በሦስተኛው ዓመት ጥር መጣ፤ እንግዳ ግን አልመጣም። ለአውሮፕላን የሚሆን የውጭ ምንዛሪ የለም ተባለ። ምክንያቱ ሌላ ነው ያሉም ነበሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የግቡ ቋሚዎች ብቻቸውን ቆመው ቀሩ።

ከጠቡ ማግስት፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ጀዊሪያ ጽሑፉን ደብተሯ ውስጥ ሸጉጣ ፋብሪካው በር ሄደች። ፈረቃው ሲለቀቅ ቶለሳ ጠጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ ሽበት ተበትኖ ወጣ። ከዋንጫው በኋላ የፈረቃ ኃላፊ ሆኗል፤ ፎቶውም በሠራተኛው ክበብ ውስጥ ተሰቅሏል።

«እንዴ፣ ጀዊ! ቡርቴን ፈልገሽ ነው?»

«አይደለም። አንተን ነው። እ... ማለቴ፣ ስለ ጎሉ።»

«የትኛው ጎል?» አለና ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየ። ሳቁ ቀስ ብሎ ለቀቀው።

ወረቀቱን አውጥታ ሰጠችው። ከአጥሩ ሥር ቆሞ እስከ መጨረሻዋ መስመር አነበበ። ሁለት ጊዜ አነበባት። የሚያልፉት ሠራተኞች «ቶሌ፣ ደህና አምሽ!» ይሉታል፤ ዓይኑን ከወረቀቱ አያነሳም።

«ከቆምኩበት አይታየኝም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ግን እግር ያውቃል። ኳስ ስትመቺ የት እንደምትሄድ እግርሽ ነው ቀድሞ የሚነግርሽ። ወጣች ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን...?»

«እጄን ላነሳ ነበር። እውነቴን ነው። ከዚያ ተሸከሙኝ። ከሰው ትከሻ ላይ ሆኖ እውነት መናገር እንዴት እንደሚከብድ አታውቂም።» ወረቀቱን እንዳይተጣጠፍ ተጠንቅቆ መለሰላት። «ያ ሰውዬ ሲያጨበጭብልኝ አየሁት። እስከ ዛሬ ያስተኛኛል መሰለሽ?»

«ልለጥፈው?»

ቶለሳ የሬዲዮ ሙዚቃ ወደሚሰማበት የሠራተኛው ክበብ ዞር ብሎ አየ።

«ለጥፊው ብዬ ልልሽ አቅሙ የለኝም፣ ጀዊ» አለ። «አትለጥፊው ግን አልልሽም።»

ሰላምታም ሳይሰጣት ቁልቁል ሄደ።

እሁድን ሙሉ በአባቷ ሱቅ ጨርቅ ስታጣጥፍ ዋለች። አባቷ አንድ ሁለቴ «ምን ሆነሻል?» አሏት፤ «ምንም፣ አባ» አለች። ቡርቱካንን አሰበቻት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። ቡርቱካን እኮ ዋሾ አልነበረችም፤ ለወንድሟ ስትል ጮኸች፤ ከጮኸች በኋላ ደግሞ ሺህ ሰው አመናትና ራሷም አመነች። እኔስ? አለች ጀዊሪያ ለራሷ። እሷ እንኳ ጮኻለች። እኔ ተጠይቄ ጫማዬን ያየሁት ለማን ብዬ ነው?

ማታ መብራት ሲበራ ጽሑፉን በጥሩ እጅ ጽሕፈት ገለበጠችው። ክርክር ያስነሳችውን መስመር አልሰረዘችም። ከሥሯ ሌላ ሁለት መስመር ጨመረች፦

«ይህን ያየሁት እኔ ከግቡ ኋላ ቆሜ ነው። በረኛው ዓይኔን እያየ ሲጠይቀኝ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

የማንንም ሌላ ሰው ስም አልጻፈችም። የራሷን ጻፈች፤ ከነአባቷ ስም።

ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ሳይጀመር ወረቀቱን አራቱን ማዕዘን በስፒል ወግታ ለጠፈችው። ጋሽ ይገዙ መጥተው በመነጽራቸው ሥር አነበቡት። አንዴ ወደ እሷ ዞሩ፤ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳርፈው አለፉ።

ግቢው መሙላት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ አሥር ተማሪ ተሰበሰበ። «ምንድን ነው የምትለው ይቺ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከኋላቸው ቡርቱካን በበሩ ገባች፤ ስብስቡን አየች፤ ጀዊሪያንም አየች። አልመጣችም። አልሄደችም ደግሞ። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ እዚያው በሩ ሥር ቆመች።

ከአሥረኛ ክፍል አንድ ረጅም ልጅ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ቀላ።

«ማን ናት ጀዊሪያ ሙሐዲን የምትባለው?»

ጀዊሪያ ወደ ክፍሏ የሚወስደውን ደረጃ በጎን ዓይኗ አየችው፤ ሦስት እርምጃ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ» አለችና ከግድግዳው ፊት ሳትነቃነቅ ቆመች።