የካሴቱ ጀርባ

የጎልቦ ሜዳ ጭቃ ሰው አያከብርም። ሐጂ አይል፣ ሹፌር አይል፣ የሀብታም ልጅ አይል፤ ሁሉንም እኩል ጉልበቱ ድረስ ይውጣል። በ1996 የኅዳር ዝናብ ከሞያሌ ኬንያ ውስጥ ወዳለችው ኢሲዮሎ የወጣው የዲንቁ ሎሪ ሜዳው መሀል ሲሰምጥ፣ ኢክራን ከአክስቷ ከሀሊሞ ጋር ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሃያ ዓመቷ ነው። ድንበር ተሻግረው ጨርቅ የሚነግዱት አባቷ፣ ሐጂ ሙሐረም፣ ኢሲዮሎ ላለ ወዳጃቸው ልጅ ሊድሯት አስበዋል። የምትሄደውም የልጁ ቤተሰብ እንዲያያት ነው።

«ፖሌ ጃማ፣ አይዟችሁ ወገን፣ እንግዲህ እዚሁ ከተምን» አለ ሹፌሩ ዲንቁ፤ ሸራውን ከሎሪው ጎን ወጥሮ ድንኳን አደረገው። ሦስት ቀን ተቀመጡበት።

ጅሎን የተዋወቀችው እዚያ ነው። ሞያሌ ገበያ ሬዲዮ የሚጠግን የቦረና ልጅ ነው፤ መለዋወጫ ሊገዛ ይሄዳል። ቴፑን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ የደከሙትን ባትሪዎች ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ እያነሳ በጥርሱ ይነክሳቸዋል።

«ባትሪ ይበላል እንዴ?» አለችው።

«ነከስ ስታደርጊው ሁለት ዘፈን ይጨምራል። እንኪ፣ ሞክሪው።»

ሞከረች። ምላሷን ሲቆነጥጣት ጮኸች፤ ሁለቱም ሳቁ። ከሸራው ሥር «ኢክራን!» የሚል የአክስቷ ድምፅ መጣ።

ባትሪው እውነትም ሁለት ዘፈን ጨመረ። ሲያመሻሽ መንገደኛው ሁሉ የሻይ ኩባያውን ይዞ ቴፑን ከበበ። አንደኛው የኦሮምኛ ዘፈን ነበር፤ ግመሎቹን ሊያጠጣ ወርዶ፣ የሚወዳትን ልጅ ጉድጓዱ አፍ ላይ ስላጣት ሰው የሚናገር። ጅሎ ግጥሙን በአማርኛ በሹክሹክታ ይነግራታል፤ ነግሮ ከጨረሰ በኋላም ዓይኑን ከፊቷ አያነሳም። ያን ዕለት ወደደችው።

በሦስተኛው ቀን ጭቃው ጠጠረ። ሎሪው ሊነሳ ሲል ጅሎ ካሴቱን ከቴፑ አውጥቶ ሰጣት።

«ወደ አባትሽ ሽማግሌ ልልክ አስባለሁ። አሁን መልስ አልጠይቅሽም፤ ይህን ውሰጂና አስቢበት።»

አገላበጠችው። «ጀርባው ላይስ ምን አለ?»

«ባዶ ነው።»

ኢሲዮሎ ሲደርሱ በዚህ ተለያዩ። ኢክራን የሚያስጠይቅ ነገር አልታያትም። በእነሱ ቤት ካሴት ደብዳቤ ነው፤ አጎቷ ከጅዳ በአንዱ ገጽ ድምፁን ቀድቶ ይልካል፣ እነሱ በባዶው ገጽ ተናግረው ያንኑ ካሴት ይመልሱለታል። ባዶ ገጽ የሰጠ ሰው ድምፅሽን ላኪልኝ ማለቱ አይደለም እንዴ?

ሞያሌ እንደተመለሰች፣ ቤቱ ጭር ያለበትን ቀን ጠብቃ ቀዳችው። ከሻሿ ዘርፍ ቀይ ክር መዝዛ ካሴቱን አሰረችና ለዲንቁ «ለጅሎ ስጥልኝ» አለችው። ሚስጥሩን ለሹፌር አትነግረው ነገር!

ጅሎ አልመጣም። ዲንቁ በእጁ እንደሰጠው ማለላት። ጥቂት ቆይቶ ጅሎ ሱቁን ዘግቶ፣ በኢሲዮሎ መንገድ ላይ ወዳለችው ማርሳቢት ወረደ ተባለ። አረፋም መጣ፣ አለፈ። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ የጅሎ ዝምታ ግን ውስጧ ገብቶ ነቀዘ። ሰምቶኝ ናቀኝ አለች። ብዙ ሌሊት አለቀሰች። በመጨረሻ ለአባቷ እሺ አለችና ኢሲዮሎ ተዳረች።

ይሠራል ሲባል የኖረው መንገድ ግን አልተሠራም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር፣ ኢክራን የሁለት ዓመት ልጇን ኑርሀንን ይዛ ወላጆቿን ልትጠይቅ ወደ ሞያሌ ስትመለስ፣ ያው ሎሪ ያው ጭቃ ውስጥ ገባ። ማርሳቢት ላይ ከተሳፈሩት አንዱ ጅሎ ነበር።

«ደህና ነሽ?» አላት።

«አልሐምዱሊላህ። አንተስ?»

«ይመስገን። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ።»

ሲያመሻሽ ዲንቁ ሸራውን ወጥሮ ጮኸ። «ሀያ፣ በል እንጂ ጅሎ! ቴፕህን አውጣ እንጂ፣ ጎልቦ ያለ ዘፈን አይታደርም!»

ጅሎ ቦርሳውን ዘረገፈ። ከካሴቶቹ መሀል ኢክራን ቀዩን ክር አየችው። ቋጠሮው እሷ እንዳሰረችው ነው።

«አልፈታኸውም» አለች፣ በቀስታ።

«ምን ብዬ ልፍታው? መለስሽልኝ እኮ። በእኛ ወግ ለልጃገረድ የተሰጠ ነገር እሷው ጋ ከቀረ እሺታ ነው፤ ከተመለሰ እምቢታ ነው። ልጥለው ብዬ ግን እጄ እምቢ አለኝ።»

«ጅሎ፣ ጀርባው ላይ ድምፄ አለ።»

ጅሎ ካሴቱን እንደያዘ ቀረ። ዲንቁ ግን ወሬውን አልሰማም፤ «ይኸው የተደበቀ ዘፈን!» ብሎ ነጠቀው፣ ክሩን በጥሶ ቴፑ ውስጥ ከተተው። የገባውም በጀርባው ነው። ያን ዕለት ባትሪው አዲስ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ፣ ሳቁን እያፈነ። «ማን እንደሆንኩ አልነግርህም፣ ታውቀኛለህ። ሽማግሌ ላክ። ከአረፋ በፊት ይሁን፣ ከዚያ ወዲያ አያቆዩኝም። አባቴ ይቆጣል፤ ይቆጣ! ዕድሜ ልኬን ካንተ ጋር ባትሪ ልንከስ። ዘፈኑንም በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ስማኝ...» ከዚያም በተሰባበረ ኦሮምኛ የግመሉን ዘፈን ጀመረች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወተት ነጋዴዋ ዳሃቦ እጇን አጨበጨበች። «ዋላሂ ደስ ስትል! ጅሎ፣ የልጆችህ እናት ናት አይደል? ታድለሃል!»

ጅሎ አንገቱን ደፋ።

ያኔ ኑርሀን ከእናቷ ጭን ላይ ተነስታ በትንሽ ጣቷ ቴፑን ጠቆመች። «እማ!» አለች። «እማ!»

ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። ዳሃቦ የኢክራንን ፊት አየችና ወተቷን ልታይ እንደሚሄድ ሰው ብድግ አለች። ዲንቁ ቴፑን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ፤ ጅሎ ያዘው። ዘፈኑ እስኪያልቅ ሰሙት። ኢክራን ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች፤ ለመደበቅም አልሞከረች።

ጠዋት ሎሪው ሲነሳ ጅሎ ካሴቱን ይዞ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ያንቺ ነው» ብሎ ዘረጋላት።

ኢክራን እጁን ከነካሴቱ በሁለት እጇ ያዘችና ቀስ አድርጋ ወደ ደረቱ ገፋችው።

«አትመልስልኝ» አለች። «የተመለሰ እምቢታ ነው ብለኸኛል። እኔ እምቢ አላልኩህም።»

ጅሎ ካሴቱን ደረት ኪሱ ከተተው። እሷም ልጇን አቅፋ ጆንያው ላይ ወጣች።