በቀኝ በኩል የታሸ አንገት

ስልኩ ሲጮህ ኢንስፔክተር ዘይኑ ጎንበስ ብሎ ካልሲውን ማጥለቅ አቅቶት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማጅራቱን ከያዘው ሰንብቷል። ዞር ማለት ሲፈልግ ሙሉ አካሉን እንደ አሮጌ አይሱዙ ቀስ አድርጎ ያዞራል። የጣቢያው ልጆችም «ኢንስፔክተር፣ ሲታጠፉ ፍሬቻ ያብሩ እንጂ» እያሉ ይቀልዱበታል።

«የከብት ነጋዴው ሙሀመድኑር ማታ ሞቷል» አለው ተረኛው ፖሊስ። «ወጌሻው አቡበከር አንገቱን ሰብረው ገደሉት ተብሎ ሰዉ ይዟቸዋል። ሳይቀጠቅጧቸው ቢደርሱ ጥሩ ነው።»

ዘይኑ ዓይኑን ጨፈነ። የሚሄድበት ሁሉ ገና ሳይነሳ ደከመው። ካልሲውን ትቶ ጫማውን ብቻ አጠለቀ።

ባጃጁ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ጥርሱን እየነከሰ ከሟቹ ግቢ ደረሰ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ወንዶቹ በር ላይ ተሰብስበዋል። ወጌሻው አቡበከር መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ እጆቻቸው በገዛ ፎጣቸው ታስረዋል። ከከሚሴ እስከ ጨፋ ሮቢት አንገቱ የተያዘ ሁሉ የሚፈልጋቸው እነዚያ ሰፋፊ እጆች፣ ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጠዋል።

«አካም ቡልተኒ፣ አባቴ?» አለ ዘይኑ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነበር።

«እንዲህ አደርን» አሉ ሽማግሌው እጃቸውን አሳይተው። «ፍቱኝ አልልም። ግን ጀናዛው ሳይቀበር እዩልኝ። አፈር ከለበሰ በኋላ ማን ይመሰክርልኛል? ገዳይ እንደተባልኩ መሞቴ ነው።»

«ምን ነበር ያደረጉት?»

«ከሰንበቴ ገበያ ሲመለስ ጋቢና ውስጥ አንቀላፍቶ ማጅራቱ ተያዘ። ጠራኝ፤ ቢስሚላህ ብዬ በቅቤ አሸሁት። አንገት የሚጠመዝዙ፣ የሚያንቋቁ አሉ፤ እኔ በአውራ ጣቴ ሥሩን ተከትዬ ማሸት ነው ሥራዬ። ትኩስ አብሽ ጠጥተህ ተኛ ብዬው ሳይመሽ ወጣሁ። ስለየው ደህና ነበር፤ እንዲያውም ‹እጅህ በሬም ያስተኛል› ብሎኛል።»

«የትኛውን ጎኑን ነበር የያዘው?»

«ቀኙን።»

በዚህ መሀል የሟቹ ታናሽ ወንድም ጀሚል ሰዉን እየገፋ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አቦ ኢንስፔክተር፣ ምን ይጣራል? ገዳዩ ይኸው! ጀናዛው ለቀትሩ የዙሁር ሶላት መድረስ አለበት።»

«አንተ ስትደርስ በሕይወት ነበር?»

«ራስጌው ተቀምጬ ነበር እንጂ! ‹ግራ አንገቴን፣ ግራ አንገቴን› እያለ ነው የሞተብኝ። ተከራይዋም ሰምታለች። ወላሂ፣ ባጃጅ ልጠራ ስወጣ ነው ያመለጠኝ።»

ዘይኑ ወደ ቤት ገባ። ሬሳው እንደ ደንቡ እግሩ ተዘርግቶ፣ አገጩ ታስሮ፣ ዓይኑ ተከድኖ ተጋድሟል። ኢንስፔክተሩ አንገቱን ማጎንበስ ስላልቻለ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። በሟቹ ቀኝ ማጅራት ላይ ቅቤው አሁንም ያብረቀርቃል። ግራው ደረቅ ነው፤ አላበጠም፣ አልጠቆረም። ሽፋሽፍቱን በጣቱ ከፍ አደረገ። የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክላ ጠባለች። የተንበረከከበት ምንጣፍ ደግሞ ጉልበቱን አረጠበው፤ አንድ ሰው አጥቦታል።

ተከራይዋ ፈይሩዝ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። በዞኑ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ክፍሏ ከሟቹ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል።

«ሲያቃስት ሰምቼ ነው የገባሁት» አለች። «ጥቅልል ብሎ ነበር፤ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሷል። ላብ አጥልቆታል፣ ለሃጩ ይወርዳል፣ ምንጣፉ ላይም አስመልሶ ነበር። ‹ግራ ኮ፣ ግራ ኮ› ይላል።»

«‹አንገቴን› ብሏል?»

ፈይሩዝ አሰበች። «እሱን እንኳ እኔ አልሰማሁም። ‹ግራ ኮ› ብቻ ነው። ጀሚልን ‹ምን እያለ ነው?› ብለው ‹ግራ አንገቴን ነው የሚለው፤ ወጌሻው ነው ያበላሸው› አለኝ።»

«የየት አገር ልጅ ነሽ?»

«የደሴ። ገና መምጣቴ ነው። ኦሮምኛ ስለማልሰማ ገበያ እንኳ በጣቴ እየጠቆምኩ ነው የምገዛው።»

ዘይኑ ቃሉን ለራሱ በሹክሹክታ ደገመው። አንዴ ዝግ አድርጎ፣ አንዴ ረዘም አድርጎ። ከዚያ ማጅራቱን በመዳፉ ይዞ ጥቂት ቆመ። ፈይሩዝ ያመመው መስሏት «ቁጭ ይበሉ እንጂ» አለችው።

የሟቹ እህት ከውሰር ከሴቶቹ ተለይታ ግድግዳ ተደግፋ ነበር። ልቅሶ ድምጿን ዘግቶታል።

«አብሹን ማን ሰጠው?» አላት።

«የመታሁት እኔ ነኝ። ጀሚል ‹እኔ ላጠጣው› ብሎ ከእጄ ተቀበለኝ። ኋላም ኩባያውን ራሱ አጠበው።» ፊቷ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር መጥቶ ጠፋ። «ጀሚል ኩባያ ሲያጥብ! ከተወለደ ጀምሮ አይቼው አላውቅም። ወንድሜ ያልታመመ ቢሆን እልል እልለት ነበር።»

«ሙሀመድኑር ሲያመው በምን ቋንቋ ነው የሚያቃስተው?»

«በእናታችን ነዋ። ሲነግድ በአማርኛ፣ ሲጨንቀው በኦሮምኛ።»

«እናንተ ሦስታችሁ ተጣልታችሁ ነበር?»

ከውሰር የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች። «ዓርብ ሽማግሌ ልንቀመጥ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አባታችን የተወልንን የጨፋ መሬት ሙሀመድኑር ‹ድርሻሽን ውሰጂ፤ የሴት ሐቅ በልቼ አልሞትም› አለኝ።»

«አሁን ማን ያርሰዋል?»

ዓይኗ ወደ ድንኳኑ ሄደ። ስም አልጠራችም።

ዘይኑ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰባቸው። ወጌሻው እጃቸው እንደታሰረ መጡ። ጀሚል ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል፤ ሽማግሌዎቹም ጀናዛው ቆየ እያሉ ያጉረመርማሉ። ኢንስፔክተሩ ወንበር ተደግፎ ቆመ። ፊቱ ገርጥቷል። አፉን ከፈተና ንግግር ሲጠበቅበት ድንገት እጥፍ አለ።

«ገራ ኮ!» አለ እያቃሰተ። «ገራ ኮ!»

ፈይሩዝ ብድግ አለች። «ግራ ትከሻዎን ነው?»

«ሆድዎን ነው?» አለች ከውሰር በዚያው ቅጽበት። «ውሃ አምጡላቸው!»

 የጀሚል ዓይን ግን ወደ ትከሻ አልሄደም፤ ቀጥ ብሎ የኢንስፔክተሩ ሆድ ላይ አረፈ። ወዲያው መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

ዘይኑ ቀና አለ። ቀና ማለቱ ከማጎንበሱ ይልቅ አሳመመው።

«ደህና ነኝ። ሁለታችሁም በትክክል ሰምታችኋል» አለ። «አማርኛ ብቻ ለሚያውቅ ጆሮ ‹ግራ ኮ› ነው። ኦሮምኛ ለሚያውቅ ግን ‹ገራ ኮ›፣ ሆዴን ማለት ነው። ሙሀመድኑር ሆዴን እያለ ነው የሞተው።»

ድንኳኑ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሳ። አንዱ ሽማግሌ «ላኢላሀ ኢለላህ» አሉ።

«መጀመሪያ ግራ የገባኝ አንገቱ ነው» አለ ዘይኑ። «ቅቤው በቀኝ ነው። በቀኝ የታሸ ሰው በግራ ለምን ይጮሃል? ደግሞም አንገቱ የተሰበረ ሰው ጉልበቱን ሰብስቦ አይጠቀለልም። የሚጠቀለለው ሆዱን የታመመ ነው። ላቡ፣ ለሃጩ፣ ማስመለሱ፣ የጠበበው ብሌን፤ እነዚህን አውቃቸዋለሁ። የከብት መዥገር መድኃኒት ሲረጩ ንፋስ የመለሰባቸውን ገበሬዎች ሐኪም ቤት ያደረስኩ ሰው ነኝ። ሽታው ከባድ ነው፤ አብሽ ግን ይሸፍነዋል። አብሹን ያጠጣው፣ ኩባያውን ያጠበው አንድ ሰው ነው።»

«ውሸት ነው!» አለ ጀሚል። «እኔም እንደሷ ግራ መስሎኝ ነው!»

«ፈይሩዝ ብትሳሳት የሰው አገር ቋንቋ ሆኖባት ነው። አንተ ግን ከሱ ጋር አንድ ጡት ጠብተህ ነው ያደግከው። በልጅነትህ ሆድህን ሲቆርጥህ ለእናትህ ምን ብለህ ነበር የምታለቅስ?»

ጀሚል ወደ ድንኳኑ በር ዞረ፤ በሩን ወንዶቹ ሞልተውታል።

«ተከራይዋ ‹ምን እያለ ነው?› ስትልህ በራሷ ስህተት ውስጥ መውጫ አየህ። ‹አንገቴን› የሚለውን የጨመርከው አንተ ነህ። ጀናዛው ለምርመራ ይሄዳል፤ የተናገርኩትን ሐኪም ያረጋግጣል ወይ ያፈርሰዋል። ይፈርሳል ካልክ ቆመህ ጠብቅ።»

ጀሚል አልቆመም። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

«የመሬቱን ድንጋይ የለቀምኩት እኔ ነኝ» አለ ለማንም ሳይሆን። «ወንዙን ጠልፌ ያጠጣሁት እኔ። እሱ በሬ ሲሸጥ እኔ ጭቃ ውስጥ ነበርኩ። ከዚያ ለዓርብ ሽማግሌ ጠርቶ… ስጥ ይለኛል።»

«ዱኑስ ሲነ ጃለተ» አለችው ከውሰር፤ ቢሞትም ይወድሃል ማለቷ ነው። ያንን መተርጎም ያስፈለገው ለፈይሩዝ ብቻ ነበር፤ ማንም አልተረጎመላትም።

ጀሚልን ፖሊሶች መጥተው ሲወስዱት፣ ወጌሻውን አስረው የነበሩት ሰዎች ፎጣውን ፈቱላቸው፤ ፊታቸውን ግን አላዩም። አቡበከር የቀላ አንጓቸውን እያሻሹ ቆሙ።

«ከእንግዲህ የሰው አንገት አልነካም» አሉ። «እውነቱ ቢወጣም ወሬው ቀድሟል። እዩዋቸው።»

እውነታቸውን ነው። በር ላይ የቆመው ሰውዬ ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠበቅ እያደረገ ነበር።

ዘይኑ ወደ ቤቱ ሄዶ መተኛት አማረው። ይልቅ ወንበሩን ጎትቶ ሰዉ መሀል አስቀመጠ፤ ኮፍያውን አውልቆ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ፣ ጀርባውን ለሽማግሌው ሰጥቶ ተቀመጠ።  ብዙ ቆየ። ሽማግሌው የሚመጡም አልመሰለውም።

በኋላ ቀዝቃዛና ሰፊ ጣቶች ማጅራቱ ላይ አረፉ።

«ቢስሚላህ» አሉ አቡበከር። «የቱ ጋ ነው የያዘህ?»

«ግራ» አለ ዘይኑ ዓይኑን ጨፍኖ። «የአማርኛው ግራ።»