አርብ አርብ የሚበሩ መስኮቶች

ሠዓሊው ቅዳሜ ጠዋት በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። የራስ ቅሉን ከኋላ በኩል የብረት ምድጃው ጠርዝ መትቶታል፤ ቀኝ እጁ ግን ብሩሹን አልለቀቀም። ያገኘችው አብራው የምትኖረው እህቱ ናት። መርማሪዋ ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ የአለቃዋ ቃል በስልክ ቀደማት።

«ሽማግሌ ነው፣ አዳልጦት ወደቀ። ጽፈሽ ዝጊው። የቤቱን ኮምፒውተር ደግሞ ከላይ የሚመጡ ሰዎች ሰኞ ይወስዱታል፤ እንዳትነኪው።»

«ላዳለጠው ሽማግሌ ኮምፒውተር ለምን ይወሰዳል?»

«ጀመረሽ ደግሞ!» ብሎ ዘጋው።

በጣቢያው «እሜቴ ለምን» ይሏታል። ጡረታዋ ቀርቧል፤ ቀኑን ከእሷ ይልቅ አለቃዋ በጉጉት ይጠብቀዋል። ነገር ካልገባት እንቅልፍ አይወስዳትም፣ ከገባትም በኋላ አይወስዳትም። ሰው ሁሉ ምነው ባልገባኝ በሚልበት አገር ይህ መጥፎ በሽታ ነው።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«የወደቀው ትናንት ወደ ማታ ገደማ ነው። ወዲያው አልሞተም። አንድ ሰዓት ያህል በነፍስ ሳይቆይ አልቀረም» አላት ድምፁን ቀንሶ። «ሰው ቢጠራለት ኖሮ ይተርፍ ነበር።»

ሸራው በመደገፊያው ላይ ቆሟል። ያረጀ ፎቅ ቤት ነው፣ ከመስኮት በቀር ምንም የለውም። ከፊሎቹ መስኮቶች ቢጫ ብርሃን በርቶባቸዋል፣ ከፊሎቹ ጨልመዋል፣ የጥቂቶቹ መጋረጃ ተዘግቷል። በግድግዳው ዙሪያ የተደረደሩት ሸራዎችም ሁሉ ይኸው ፎቅ ናቸው።

«ሌላ ቤት አያውቅም ነበር እንዴ?»

«ይኼን ነበር የሚወደው» አለች እህትየው። «አርብ አርብ አንድ ይጨርሳል። ጎረቤታችን ፎቶ አንሺው መጥቶ ያነሣውና ይልክልኛል፤ እኔ ከሥራ ቦታዬ ሆኜ ገጹ ላይ እለጥፈዋለሁ። ትናንት አዘግይቶ፣ ሊመሽ ሲል ነው የላከልኝ። ስገባ በሩ ተዘግቷል፤ ተኝቷል ብዬ አለፍኩ።»

መርማሪዋ ገጹን በራሷ ስልክ ከፈተችው።

«አርባ ሺህ ሰው አይቶታል። ወደድኩት ያለው ግን ዘጠኝ ሰው ነው። አስተያየት የጻፈ አንድም የለም።»

«ሥዕል ለብዙ ሰው አይገባም።»

«ያልገባው ሰው በየሳምንቱ አይመለስም፣ እህቴ። ይሄ ዓይኑን ልኮ ጣቱን የደበቀ ሰው ነው።»

እህትየው ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ተረት በዚያ ቤት ሕግ ነበር።

መርማሪዋ ስልኩን ከሸራው ጎን ያዘችና ዓይኗን ከአንዱ ወደ ሌላው አመላለሰች። ሦስተኛው ፎቅ፣ ዳር ላይ ያለችው መስኮት። በሸራው ላይ መጋረጃዋ ተዘግቷል፤ በስልኩ ላይ ቁልጭ ብላ በርታለች። ምንም ሳትናገር ለእህትየው አሳየቻት። የወንድሟን ሬሳ አይታ ያልጮኸች ሴት አሁን ግድግዳ ደግፋ ጮኸች።

«እኔ አልነካሁትም! በወንድሜ አጥንት፣ እንደላከልኝ ነው የለጠፍኩት!»

«ታዲያ አንዲት መስኮት ብትበራ ምን አስጮኸሽ?»

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገረቻት፤ መሸከሙ ከብዷት ነበር።

«እያንዳንዱ መስኮት የአንድ እስረኛ ነው። ከበራ በሕይወት አለ፤ ከጨለመ ወሬው ጠፍቷል። መጋረጃው ከተዘጋ ግን...» አልጨረሰችውም። «የትኛው የማን እንደሆነ እሱና የእስረኛው ሰዎች ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ወሬውን ከውስጥ ማን እንደሚያወጣለት ለእኔም ነግሮኝ አያውቅ። ይዞት ሞተ።»

እህትየው ስትወጣ መርማሪዋ አትንኪው የተባለችውን ኮምፒውተር ከፈተች። የሠዓሊው የቆዩ ሥዕሎች ሁሉ እዚያ ተቀምጠዋል። መጨረሻ የተከፈተው የባለፈው ወር ሥዕል ነበር፤ የተከፈተውም አርብ ሊመሽ ሲል። በዚያ ሰዓት ሠዓሊው ወለሉ ላይ ነበር።

የክፍሉ ቁልፍ ከእህትየው ሌላ በሁለት ሰዎች እጅ ነበር። አንደኛዋ ከታች ያለው ጋለሪ ባለቤት ናት፤ ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ በር የሚከፍት ሴት።

«አዎ፣ ተጣልተናል! አንድ ሸራ ልሽጥልህ ብዬ ስለምነው ስንት ጊዜዬ! አርብ ግን ከሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ከእንግዶቼ ጋር ነበርኩ፤ ጠይቂያቸው።»

«የአርቡን ሥዕል አዩት?»

«አየሁት» አለች ሴትየዋ። ድምፅዋ ድንገት ወረደ። «አሁንም ጨለማ ነው።» ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፤ መርማሪዋም እንዳልሰማች ሆና ወጣች። የዚህችኛዋ መስኮት በሸራውም በስልኩም ጨለማ ከሆነ፣ የተለወጠችው የእሷ አይደለችም።

ሁለተኛው ፎቶ አንሺው ነው። ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ አገኘችው።

«የሙሽራዋን እናት እንባ እያጠፋሁላት ነው» አለ ሊስቅ እየሞከረ። «ደስታም ያስለቅሳል፤ አልበም ላይ ግን አያምርም።»

«አርብ መቼ ነበር ያነሡት?»

«ቀትር ላይ። ደህና ነበር ጓደኛዬ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ዘግይቼ የላክሁት።»

«ሦስተኛ ፎቅ ዳር ያለችው መስኮት በሸራው ላይ ተዘግታለች። በፎቶው በርታለች።»

ሰውየው እጁን ከቁልፍ ሰሌዳው አነሣ። «እኔ ሳነሣው በርታ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሄድኩ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ደርቦበት ይሆናል። ሠዓሊ አይደል?»

ውሃ የሚቋጥር መልስ ነበር። መርማሪዋ አመስግና በጓሮ በኩል ልትወጣ ስትል የሰውየው ሚስት ፍራሽ ፀሐይ ላይ እየገለበጠች በዱላ ስትመታ አየቻት። ሴትየዋ ታንጎራጉር ነበር ማለት ይቻላል።

«እንግዳ ይመጣል መሰለኝ?»

«ኧረ እንዲያው አየር እንዲያገኝ ነው» አለች ፊቷ ፈክቶ፤ ከዚያም ሐዘን ላይ መሆኗ ትዝ ብሏት ነጠላዋን ሳብ አደረገች። «ጋሼ ሠዓሊን ነፍስ ይማር። አንጀቴን በልቶታል። ግን... ፈጣሪ አንዱን ሲወስድ አንዱን ያሳያል።»

መርማሪዋ ወደ ሠዓሊው ክፍል ተመልሳ በትንሽ ቢላዋ የመጋረጃውን ቀለም ከጥግ ፋቅ አደረገች። ያወቀችው ነገር አላስደሰታትም።

እሑድ ከሰዓት ሦስቱን ሰዎች እዚያው ክፍል ጠራቻቸው። ያልጠራቻት አራተኛ ከባሏ ጋር መጣች፤ የፎቶ አንሺው ሚስት።

«እርስዎ ቤትዎ ቢጠብቁ ይሻላል» አለቻት መርማሪዋ።

«ጋሼ የእኔም ወንድም ነበር። እቀመጣለሁ» አለች ሴትየዋ፣ ተቀመጠችም።

መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ብዙ ነፍሰ ገዳይ ፊት ቆማ ተናግራለች። እንደዚያን ቀን አፏ ደርቆ አያውቅም።

«ሠዓሊውን አላዳለጠውም። እሱ እዚህ ወድቆ እያለ አንድ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከቆየ ሥዕል ላይ የበራች መስኮት ቆርጦ በአዲሱ ፎቶ ላይ አስቀምጧል። ብርሃኑ ከመስኮቷ ሥር ግድግዳው ላይ እንዲያርፍ እንኳ አልረሳም። የሠለጠነ እጅ ነው። እህትየው ሥራ ቦታዋ ነበረች፣ ባለ ጋለሪዋ ከእንግዶቿ ጋር፤ ሁለቱንም አጣርቻለሁ።»

«እኔ በርታ ነው ያየሁት ብያለሁ» አለ ፎቶ አንሺው። ላብ አጥምቆታል።

«ብለዋል። ይምጡና ይዩ።» ቢላዋውን ከፋቀችው ጥግ አስጠጋች። «ዘይት ቀለም በአንድ ቀን አይደርቅም። ቢጫ ላይ ግራጫ ቢደርብ ኖሮ ሥሩ ቢጫው ይወጣ ነበር። ከመጋረጃው ሥር ያለው ግን ባዶ ነጭ ሸራ ነው። ይህች መስኮት በዚህ ሥዕል ላይ አንድም ቀን በርታ አታውቅም። ያልበራ ብርሃን አየሁ ያለኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሰውየው ወደ ሚስቱ አየ። ሚስቱ ወደ መስኮቷ ታያለች።

«ለመንኩት» አለ። «ከቀትር ጀምሮ ለመንኩት። የልጄን መስኮት ዛሬ ብቻ ተዋት፣ ለእናቱ እስክነግራት አንድ ሳምንት ስጠኝ አልኩት። ‹መስኮቶቼ አይዋሹም› አለኝና ብሩሹን አንሥቶ መጋረጃውን ሣለ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም!»

«ያን ጊዜ ሞቶ አልነበረም» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ብርሃኑን ሲያስተካክሉ ከወንበርዎ ኋላ እየተነፈሰ ነበር።»

«ሰማሁት» አለ ሰውየው። «ልጠራ ተነሣሁ። ሰው ከመጣ ሸራውን ያያል አልኩና ተቀመጥኩ።»

እህትየው ፊቷን ሸፈነች። መርማሪዋ ደግሞ ያን ሰዓት እናትየውን ማየት አልቻለችም፤ ነፍሰ ገዳይ ስትይዝ የልጅ መርዶ አብራ ማርዳቷን ታውቃለች።

«ነገ የሚመጡት ሰዎች ስለ ምን እንደተጣላችሁ ይጠይቁኛል» አለች።

«ፎቶ አንሺው ሰክሮ ነበር ብለው ይጻፉ። እኔም እንደዚያ ብዬ እፈርማለሁ። መስኮቶቹን አያንሷቸው።»

«የማይጠጣ ሰው ሰከረ ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው» አለች መርማሪዋ፣ ኮምፒውተሩንም ባዶ እንድታደርገው ለእህትየው በዓይኗ ጠቆመቻት።

ያኔ እናትየው ተነሣች። ሁሉም ትወድቃለች ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ እሷ ግን ቀጥ ብላ ከሸራው ፊት ቆመች።

«የልጃችን እጮኛስ?» አለች ባሏን።

«ምን?»

«ያቺ ልጅ ሩቅ ናት። በስልክ አይወራ፣ ጆሮ አለው። እሷም አርብ ማታ ይህን ብርሃንህን አይታለች። ጋሼ የለ፣ ከእንግዲህ ሌላ ሥዕል የለ። ይህች መስኮት እንደበራች ልትቀር ነው። በመስኮቷ ተስፋ ስንት ዓመት ትቀመጥልህ?»

ሰውየው አቀረቀረ።

«እኔ ትናንት ይመጣል ብዬ ሸሚዙን ተኩሻለሁ» አለች። «እሷ እንድትተኩስ አልፈልግም። ካሜራህን አውጣ። እንዳለ አንሣው።»

ፎቶ አንሺው ካሜራውን አውጥቶ ከሸራው ፊት ቆመ። መርማሪዋ በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጠችው። የመጀመሪያውን አነሣ። ሚስቱ በትከሻው ላይ አሻግራ ፎቶውን አየችው።

«ደብዝዟል» አለችው። «ድገመው።»

ደገመው። እናትየው ካሜራውን ከእጁ ወስዳ፣ የሦስተኛውን ፎቅ ዳር እያቀረበች የመጋረጃው እጥፋት አንድ በአንድ እስኪለይ አየችው። ከዚያ ለእህትየው ሰጠቻት።

«ለጥፊው» አለች።